ከኮረብታው በላይ የቆመ ብርሃን፦ ይህን ቪዲዮ አብራችሁኝ መርምሩልኝ

ተመልካች 27 | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈው አገኘሁ።

ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ከቤቴ ጣሪያ ሆኜ በምዕራብ በኩል፣ ከኮረብታው በላይ፣ አንድ ነጭ ብርሃን አየሁ። የሚመጣ አውሮፕላን መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁት። አልመጣም፣ አልሄደም፣ ድምፅም የለውም። ስልኬን አውጥቼ አራት እጥፍ አጉልቼ 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ቀረጽኩት። ቪዲዮው ከታች ተያይዟል።

ልብ ብላችሁ እዩት። ሲጎላ ክብ ሆኖ ይታያል፤ የታችኛው ጠርዙ ግን በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ውስጡ ይርገበገባል፤ ከነጭ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ይቀያየራል። 1፡20 ላይ በድንገት ወደ ግራ ተወርውሮ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌላም አለ። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ከትልቁ ብርሃን በተቃራኒው ትሄዳለች። 1፡31 ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለች ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ እየወጣች ለዘጠኝ ሰከንድ ያህል ትታይና ትጠፋለች።

«ፊኛ ነው» ብላችሁ እንዳትሸኙኝ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥርጥር የለም | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡19

በመጨረሻ አንድ ሰው ደፈረ! አሁን ደግሞ ተጠራጣሪዎቹ ይመጡና «ቬነስ ናት» ይሉሃል። ቆጥረህ ጠብቅ።

ፍሬም በፍሬም | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡52

ወንድሜ፣ የላክኸው ፋይል ዋናው አይደለም። በመልእክት መላኪያ በኩል አልፎ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ መተግበሪያ ቪዲዮውን እንደገና ይጨምቀዋል፤ ምስሉን በትናንሽ አራት ማዕዘን ብሎኮች ከፋፍሎ «እዚህ ጨለማ ብቻ ነው» ያለውን ክፍል እንዳለ ይጥለዋል። ደብዛዛ ነጥብ ማለት ለእሱ ቆሻሻ ነው። በተጨማሪም የተቀረጸበትን ሰዓት ያጠፋዋል፤ እኔ ጋ የሚነበበው የተላከበት ሰዓት ነው። ከስልክህ ላይ በገመድ ወደ ኮምፒውተር አውርደህ ምንም ሳትነካው አያይዘው። አትቁረጠው፣ አታብራው፣ ሙዚቃ አትጨምርበት።

እስከዚያ ድረስ ስለ ቀለም እና ስለ ቅርጽ የሚባለው ሁሉ ከንቱ ነው።

ተመልካች 27 | እሁድ፣ ከምሽቱ 5፡30

አያይዣለሁ። ሙዚቃውን እህቴ ነች የጨመረችው፤ ይቅርታ።

አድማስ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ለጥርጥር የለም የምሥራች አለኝ። ስቴላሪየም በሚባለው ነፃ የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ላይ ቀኑንና ሰዓቱን አስገብቼ አየሁ። በምዕራብ በኩል ቬነስ የለችም። ጁፒተርም የለም። ደማቅ ኮከብም የለም። ፕላኔት ነው የሚለው ግምት ከአሁን በኋላ ከሜዳ ወጥቷል።

ጥርጥር የለም | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡22

ምን ብዬ ነበር?

አጥቢያ ኮከብ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

አድማስ፣ ስንት ሰዓት ብለህ አስገባህ?

አድማስ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡48

እሱ እንዳለው፣ 2 ሰዓት ከ12። 02፡12።

አጥቢያ ኮከብ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ያየኸው የሌሊቱን ሰማይ ነው፤ ስምንት ሰዓት ከሌሊቱ። ፕሮግራሙ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው፤ የእኛ ከምሽቱ 2፡12 ለእሱ 20፡12 ነው። ዋናው ፋይል ውስጥ ደግሞ 17፡12 ተብሎ ተጽፏል፤ ምክንያቱም ብዙ ስልኮች በቪዲዮ ፋይል ውስጥ የሚጽፉት ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ከእሱ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት አጠራር። እኔ ራሴ በዚህ ስሕተት አንድ ሙሉ ሳምንት አጥፍቼ አውቃለሁና አልፈርድብህም።

በ20፡12 ሲታይ ቬነስ በምዕራብ፣ ከአድማስ 16 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ኮረብታውን በካርታ ላይ ሳገናዝበው አቅጣጫው በአንድ ዲግሪ ውስጥ ይገጥማል።

ጥርጥር የለም | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡31

ይኸው! ቆጥሬ ነበር። ሁሉም ነገር ቬነስ፣ ሁልጊዜ ቬነስ። እንግዲህ ቬነስ ቅርጿን ትቀያይራለች? ወደ ግራ ትወረወራለች?

አጥቢያ ኮከብ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡02

ሁልጊዜማ አይደለም። ቬነስ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ አትርቅም። ስለዚህ ፀሐይ በጠለቀች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በምዕራብ፣ ወይም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በምሥራቅ እንጂ ሌላ ቦታ አትገኝም። ነገ አንድ ሰው በእኩለ ሌሊት ከአናቱ በላይ የቀረጸው ደማቅ ብርሃን ቢያመጣ «ቬነስ አይደለችም» ብዬ ቀድሜ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስሜን እያየህ አትፍረድብኝ።

ጋሽ ሌንስ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡25

ልጆች፣ እኔ ካሜራ ይዤ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ ስለ ሰማዩ አልናገርም፣ ስለ መስታወቱ ግን ልናገር።

ተመልካች፣ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ስልኩን ከማውጣትህ በፊት፣ በባዶ ዓይንህ፣ ብርሃኑ ምን ያህል ይታይህ ነበር? ክብ ነበር ወይስ ነጥብ?

ተመልካች 27 | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

እውነቱን ለመናገር ነጥብ ነበር ጋሼ። በጣም ደማቅ ነጥብ። ክብ የሆነው ስልኩ ላይ ነው።

ጋሽ ሌንስ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

ጎበዝ። እውነተኛ ምስክር እንዲህ ነው የሚመልሰው።

ስልክህ በጨለማ ውስጥ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ትኩረቱን ይስታል። ትኩረት የሳተ ሌንስ አንዲትን ነጥብ ዘርግቶ ሳህን ያደርጋታል፤ የሳህኑም ቅርጽ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ቅርጽ ነው። ቀዳዳው ክብ ከሆነ ክብ፣ ባለ ስድስት ጎን ከሆነ ባለ ስድስት ጎን። ሦስት ማዕዘን ከሆነም ሦስት ማዕዘን! የአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ2019 በሌሊት ማያ መነጽር በኩል የቀረጹት «በራሪ ፒራሚድ» ዓለምን አዳርሶ ነበር። በሜይ 2022 በምክር ቤት ፊት የቀረበው ማብራሪያ ሦስት ማዕዘኑ የመጣው ብርሃኑ በመነጽሩ አልፎ በካሜራ በመቀረጹ ነው የሚል ነበር፤ ነገሮቹም ድሮኖች ናቸው ተባለ። በዚያው ቪዲዮ ላይ ኮከቦቹም ሦስት ማዕዘን ነበሩ። ኮከቦቹን ማን ልብ አላቸው?

ቀለሙም ያው ነው። ከአድማስ አጠገብ ያለ ብርሃን በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ይሰባበራል፤ አየሩ እንደ ፕሪዝም ይሆንበታል። ዓይንህ ብልጭልጭታ ያየዋል፤ የተዘረጋው ሳህን ላይ ግን ቀለማቱ ተለያይተው ይሮጣሉ።

የተቆረጠውን የታች ጠርዝ ግን ሳልፈትን አልናገርም። ነገ ማታ በዚያው ሰዓት ውጣ። መጀመሪያ እንዳለ ቅረጸው። ከዚያ ስልኩን ሩብ ዙር አዙረህ ድገመው። ቁርጡ አሁንም ወደ መሬት ከሆነ የሰማዩ ነው። ከስልኩ ጋር ከዞረ የስልኩ ነው፤ ምናልባትም የጣትህ ቅባት።

ማዕዘን | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

የጋሼን ነገር በቁጥር ላጠንክረው። ተመልካች፣ ማስቸገር ካልሆነብህ በዚያው ስልክ፣ በዚያው አራት እጥፍ ማጉያ፣ ጨረቃን ቅረጽልኝ።

ተመልካች 27 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ደመና። ሰማዩ ሁሉ ደመና። ለሁለት ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ። ጎረቤቶቼ ስለ እኔ ማውራት ጀምረዋል።

ፍሬም በፍሬም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ደመናው እስኪገፈፍ የሠራሁትን ላካፍላችሁ። ዋናው ፋይል በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ነጠላ ምስል ነው። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

1፡20 ላይ «ተወረወረ» የተባለው። ከ2,398ኛው ፍሬም እስከ 2,405ኛው ድረስ ብርሃኑ 141 ፒክስል ወደ ግራ ይሄዳል። የኮረብታው ጫፍ ላይ ያለችውን ዛፍ በእነዚያው ፍሬሞች ለካኋት፦ 141 ፒክስል ወደ ግራ። ኮረብታው አብሮት ተወርውሯል ማለት ነው። እጅህ ተንቀጥቅጧል፤ የስልኩ ማረጋጊያ ትንሽ ታግሎ ተሸንፏል፣ ከዚያ መልሶ ይዞታል። ዛፏን መሐል ላይ ቸንክሬ ቪዲዮውን እንደገና አጫወትኩት፤ ብርሃኑ ንቅንቅ አይልም። ተያይዟል፣ ራሳችሁ እዩት።

አረንጓዴዋ ነጥብ ደግሞ በጣም ታስቃለች። ከታች በግራ በኩል የመንገድ መብራት አለ፤ አይታችሁታል? አንዱን ፍሬም ብቻ ልውሰድ። መብራቱ ከግራ 302፣ ከላይ 823 ላይ ነው። አረንጓዴዋ 1,616 እና 259 ላይ። ደምሯቸው፦ 1,918 እና 1,082። የምስሉ ስፋት 1,920፣ ቁመቱ 1,080 ነው። ይህም ማለት ሁለቱ በምስሉ መሐል ነጥብ ፊት ለፊት እንደ መስታወት ተቃራኒ ናቸው። በሌሎች አሥራ አንድ ፍሬሞችም ሞከርኩት፤ ከሦስት ፒክስል በላይ አልሳተም። የመንገዱ መብራት ሌንሱ ውስጥ ተንጸባርቆ የተወለደ ጥላ ነው። ካሜራው ወደ ግራ ሲዞር ኮረብታው ሁሉ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ። ለዚህ ነው «በተቃራኒው» የሄደችው።

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ሁለት ሰዓት ሙሉ የመረመርኩት «መርከብ» የክፍሌ አምፖል በመስኮቱ መስታወት ላይ ነበር። ስለዚህ እየቀለድኩብህ አይደለም።

ጥርጥር የለም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

እሺ፣ በስልክ የተቀረጸውን በስልክ ስሕተት ገለጻችሁ። የጦር አውሮፕላን ካሜራስ? ፔንታጎን ራሱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በይፋ የለቀቃቸው ሦስቱ ቪዲዮዎችስ? «ጎፋስት» የተባለው ከባሕሩ በላይ እንደ ጥይት ሲበር አብራሪዎቹ ሲጮሁ ይሰማል። እነሱም እጃቸው ተንቀጠቀጠ?

ማዕዘን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

ይህንን በመጥቀስህ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የ«ጎፋስት» መልስ እዚያው ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ወረቀትና እርሳስ ያዝ።

አውሮፕላኑ 25,000 ጫማ ላይ ነው፤ 7,620 ሜትር። ካሜራው ከአግድም 26 ዲግሪ ወደ ታች ያያል። ርቀቱ 4.4 የባሕር ማይል ይላል፤ 8,150 ሜትር ገደማ። የ26 ዲግሪ ሳይን 0.438 ነው። 8,150 በ0.438 ሲባዛ 3,570። ይህን ከ7,620 ቀንስ፦ 4,050 ሜትር። ነገሩ ያለው ከባሕሩ በላይ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ነው! ከበስተጀርባው የሚሮጥ የሚመስለው ውሃ ከእሱ በጣም ሩቅ ነው። በመኪና ስትሄድ አጠገብህ ያለው ምሰሶ ከሩቁ ተራራ አንጻር እንዴት እንደሚፈተለክ አስታውስ፤ የሚፈጥነው ግን አንተ ነህ። የናሳ ገለልተኛ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ስሌት ሠርቶ ነበር፤ ለ22 ሰከንድ የተሰላው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ ይህ የነፋስ ፍጥነት ነው።

አብራሪዎቹ አልዋሹም። ያዩት ነገር በእርግጥ የሚሮጥ ይመስላል። ርቀትን ያላወቀ ፍጥነትን አያውቅም፣ መጠንንም አያውቅም። ለእኔ የዚህ ሙያ ሀሁ ይኸው ነው።

ጥርጥር የለም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡33

ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ፊኛ ይሁን ወፍ ይሁን ሌላ።

ማዕዘን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡41

አልነገርኩህም፤ ቪዲዮው አልነገረኝማ። የነገረኝ እንደ ጥይት አለመብረሩን ነው።

ተመልካች 27 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ሰማዩ ጠራ! ሦስት ነገሮች ሠርቻለሁ።

ብርሃኑ በዚያው ቦታ ነበር፤ እንዲያውም ከጠበቅሁት ትንሽ ቀድሞ፣ ገና ሰማዩ ሳይጨልም ታየኝ። ሲጎላ ያው ሳህን ሆነ። ስልኩን ሩብ ዙር አዞርኩት፤ ቁርጡ ከስልኩ ጋር ዞሮ ወደ ጎን ሆነ። ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግሁት፤ ቁርጡ ጠፋ። ቅባት ነበር ጋሼ።

ጨረቃን ቀርጬ ለካሁ፤ ዳር እስከ ዳር 55 ፒክስል ናት። ብርሃኑ ደግሞ 70።

ትንሽ አዝኛለሁ፤ መደበቅ አልችልም።

ማዕዘን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

አትዘን፤ ያቀበልከኝ ቁጥር ወርቅ ነው። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ገደማ፣ 0.52 ዲግሪ ናት። 55 ፒክስል 0.52 ዲግሪ ከሆነ አንድ ፒክስል 0.0094 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስልክህ መለኪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

«ሳህኑ» 70 ፒክስል ከሆነ ከጨረቃ ይበልጣል። እውነተኛ መጠኑ ቢሆን ኖሮ በባዶ ዓይንህ ከሙሉ ጨረቃ የሚበልጥ ክብ ታይ ነበር፤ አንተ ግን ነጥብ ነው ያልከው። ቬነስ በጣም በቀረበችን ጊዜ እንኳ የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ናት፤ በአንተ ስልክ ሁለት ፒክስል አትሞላም። የቀረው 68 ፒክስል የሌንሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛዋ እንቆቅልሽ እንሂድ፤ ወደ 1፡31ዋ ደብዛዛ ነጥብ። ፍሬም በፍሬም፣ ለካሃት?

ፍሬም በፍሬም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡12

በዘጠኝ ሰከንድ 310 ፒክስል፤ ከዛፏ አንጻር፣ ስለዚህ የእጅ መንቀጥቀጥ የለበትም። ቀጥ ያለ መስመር ነው። ብልጭ ድርግም አይልም። ቀይና አረንጓዴ መብራት አይታይም፤ ግን በዚህ ጨለማ ውስጥ ስልኩ ሊያየው አይችልም ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰከንዶች ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። የሌንስ ነጸብራቅ አይደለም፤ ከየትኛውም መብራት ጋር አይጣመርም።

አጥቢያ ኮከብ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ሳተላይት ወደ መሬት ጥላ ሲገባ በትክክል እንዲህ ይደበዝዛል። ግን አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፤ የምሽት ጥላ የሚነሣው ከምሥራቅ ነው። በምዕራብ ያለ ሳተላይት ገና በፀሐይ ብርሃን ውስጥ መሆን ነበረበት። ስለዚህ እዚያ ሊጠፋ አይገባውም።

ጥርጥር የለም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡44

ኦሆ!

ማዕዘን | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡20

እህቴ፣ ያልሽው ፀሐይ ልክ እንደ ጠለቀች ቢሆን ትክክል ነው። እዚህ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ አልፏል፤ ፀሐይ ከአድማስ በታች 28 ዲግሪ ያህል ወርዳለች። ከምድር 420 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞር ሳተላይት አናታችን ላይ ሆኖ ብርሃን የሚያገኘው ፀሐይ ከ20 ዲግሪ በላይ ካልወረደች ብቻ ነው። ስለዚህ ጥላው አናታችንን አልፎ ወደ ምዕራብ ዘልቋል። ጠርዙ የት እንደደረሰ አሰላሁ፤ በምዕራብ በኩል ከአድማስ 21 ዲግሪ ገደማ ላይ። ነጥቧ የጠፋችው ከቬነስ በላይ አራት ዲግሪ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ከታች ወደ ላይ ትወጣ ነበር። ይገጥማል።

ግን እዚህ ላይ እንዳትቸኩሉ። 310 ፒክስል 2.9 ዲግሪ ነው፤ በሰከንድ 0.32 ዲግሪ። ሳተላይት ከሆነች ርቀቷ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የታየው የጎን ፍጥነቷም በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የቀረው ፍጥነት ወደ እኛ ነው። ይህ ሊሆን ይችላል። 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን ከሆነች ርቀቷ 32 ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቷ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር። ይህም ይሆናል! በ500 ሜትር ርቀት ያለች ፊኛ ከሆነች ደግሞ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይበቃታል። አንዲት ነጥብ፣ ሦስት ፍጹም የተለያዩ ታሪኮች፤ ፒክስሉ ለሦስቱም እኩል ይመሰክራል።

አድማስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ለመጀመሪያው ስሕተቴ መካሻ ይሁንልኝ። የአውሮፕላን መከታተያ ድረ ገጾችን አየሁ፤ በዚያች ደቂቃ በዚያ አቅጣጫ የተመዘገበ በረራ የለም። ይህ ግን አውሮፕላን አልነበረም ማለት አይደለም፤ ድረ ገጾቹ የሚያውቁት አስተላላፊውን ያበራ እና ምልክቱን የሚቀበል አንቴና በአቅራቢያው ያለውን ብቻ ነው። በይፋ የሚወጡትን የሳተላይት ምሕዋሮችም ፈተሽኩ። አንድ አሮጌ የሮኬት አካል በዚያው መንገድ ያልፋል፤ ግን 40 ሰከንድ ዘግይቶ። (ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ።)

ፍሬም በፍሬም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

40 ሰከንድ ብዙ ነው። ከኔትወርክ ሰዓቱን የሚወስድ ስልክ ይህን ያህል አይስትም። በዚህ ፍጥነት 40 ሰከንድ ማለት 13 ዲግሪ ነው። የሮኬቱ አካል አይደለም።

ጥርጥር የለም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ስለዚህ አሸነፍኩ? ማንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል አለን?

አወያይ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

በዚህ መድረክ ለምንጠቀምበት ምደባ አንድ ነገር ላስታውስ። በፈረንሳይ የጠፈር ማዕከል ሥር ያለውና እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው ክፍል፣ ዛሬ ጌይፓን የሚባለው፣ ጉዳዮችን በአራት ይከፍላቸዋል። የታወቁ፣ ሊሆን የሚችለው የታወቀ፣ መረጃው ስለማይበቃ ሊታወቁ የማይችሉ፣ እና በቂ መረጃ ኖሮ ተመርምሮም ያልተፈቱ። ሦስተኛውና አራተኛው ሰማይና ምድር ናቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል «ብሉ ቡክ» በተባለው ፕሮጀክቱ እስከ 1969 ድረስ 12,618 ሪፖርቶች ሰብስቦ 701ዱን «ያልታወቁ» ብሎ ዘጋ። ያንን ቁጥር ሰዎች እስከ ዛሬ እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል።

ስለዚህ በክሩ ራስጌ ላይ እንዲህ ጽፌአለሁ፦ ትልቁ ብርሃን ታውቋል። አረንጓዴዋ ነጥብ ታውቃለች። የ1፡31ዋ ደብዛዛ ነጥብ፣ ሦስተኛው ክፍል።

ጋሽ ሌንስ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

አወያይ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ጥርጥር የለምን አትግፉት። እሱ ባይነዝንዘን ኖሮ ማዕዘን የጥላውን ስሌት በሌሊት ተነሥቶ ይሠራው ነበር?

ጥርጥር የለም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡12

አመሰግናለሁ ጋሼ። ሆኖም ምስክርነት እንዲህ እየተናቀ መሄዱ ያሳስበኛል። ሰው አይቷል።

አጥቢያ ኮከብ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡45

አልናቅነውም። «ነጥብ ነበር» ያለው ምስክርነቱ ነው ሳህኑን የፈታው። ግን ምስክር ያየውንና አእምሮው የሞላለትን አይለይም፤ እኔም አልለይም። እ.ኤ.አ. በማርች 3 ቀን 1968 ከሶቪየቱ ዞንድ 4 ተልዕኮ ጋር የተያያዘ ፍርስራሽ እየነደደ በአሜሪካ ሰማይ ላይ ሲያልፍ ብዙ ሰው አየው። ከተመልካቾቹ አንዳንዶቹ መስኮቶች ያሉት ሞላላ መርከብ አየን ብለው ጻፉ። በመካከላቸው ያለው ጨለማ የመርከቡ አካል፣ የሚነዱት ስብርባሪዎች መስኮቶቹ ሆኑላቸው። አልዋሹም፤ ነጥቦቹን አገናኙ።

ብዙ ካሜራ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን ሜትዮር አስታውሱ። 20 ሜትር ገደማ ስፋት፣ በሰከንድ 19 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፤ 1,500 ያህል ሰው ተጎድቷል፣ አብዛኛው በተሰበረ መስታወት። የተቀረጸው በመኪና ካሜራና በጥበቃ ካሜራ ነው፤ ማንም ሳይንቲስት አላዘጋጀውም። ተመራማሪዎች ግን በከተማዋ አደባባይ ላይ የመብራት ምሰሶዎቹ ጥላ እንዴት እንደዞረና እንዳጠረ ለኩ፤ ከሌላ ከተማ የተቀረጸ ቪዲዮ ጨመሩበት፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ፣ በፀሐይ ዙሪያ የነበረውን ምሕዋር ሳይቀር አወጡ። ከጥላ!

ተመልካች 27 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር አሰብኩ። ጓደኛዬ ከእኔ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ይኖራል፤ ምዕራቡ ለእሱም ክፍት ነው። ያቺ ነጥብ አትመለስም። ግን የሚቀጥለውን ለሁለት ብንቀርጸው ርቀቱ ይታወቃል?

ማዕዘን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ይታወቃል። በእጅህ ጣት ፊት አንዱን ዓይን ከዚያ ሌላውን ጨፍን፤ ያው ነው። ሦስት ኪሎ ሜትሩ ከምታዩበት አቅጣጫ ጎን ለጎን ከሆነ፣ በ32 ኪሎ ሜትር ያለ አውሮፕላን በሁለታችሁ ቪዲዮ መካከል ከኮከቦቹ አንጻር ከአምስት ዲግሪ በላይ ይዘላል፤ በአንተ ስልክ 570 ፒክስል። በ1,100 ኪሎ ሜትር ያለ ሳተላይት 16 ወይም 17 ፒክስል ብቻ። የቅርብ ፊኛ ከሆነ ጓደኛህ ጨርሶ በሌላ የሰማይ ክፍል ያየዋል። ሦስቱ ታሪኮች ከዚያ በኋላ ሊደባለቁ አይችሉም።

ፍሬም በፍሬም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሁለት ማሳሰቢያ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱም ስልኮች ሰከንድ የሚያሳይ አንድ ዓይነት የኢንተርኔት ሰዓት ለአሥር ሰከንድ ይቅረጹ፤ በኋላ ፍሬሞቹን አስተካክላለሁ። ስልኮቹን ደግሞ ግድግዳ ላይ አስደግፏቸው፤ በእጅ አትያዙ። በምስሉ ውስጥ ቬነስ እና ቢያንስ አንድ ኮከብ ይኑር።

ጋሽ ሌንስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡31

ሌንሱንም ጥረጉ።

ተመልካች 27 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡44

ጠርገነዋል ጋሼ። ጓደኛዬ «16 ፒክስል ለመቁጠር ብለህ ጣሪያ ላይ ታስወጣኛለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ነገ ከምሽቱ 1፡45 ላይ እንጀምራለን፣ ለፕሮግራሙ 19፡45። ጥርጥር የለም፣ አንተም ምዕራብህ ክፍት ከሆነ ሦስተኛ ካሜራ ሁን።

ጥርጥር የለም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ክፍት ነው። እመጣለሁ።